የወባ መድኃኒት፦ ከመስኮቱ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ

ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው መድኃኒት መስኮታችን ላይ መጡ። ከአንድ ቀን በፊት ለልጁ የወባ መድኃኒት የሰጠኋቸው እኔው ነበርኩ። "እንዴት አደረልዎት?" አልኳቸው።

"ደህና ነው ያደረው፣ ልጄ። የመጀመሪያዋን ፍሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እዚሁ ወሰደ። ሁለተኛዋን ደግሞ እንዳልከኝ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ልክ 8 ሰዓት አለፍ እንዳለ ሰጠሁት" አሉኝ።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው። "ከ8 ሰዓት በኋላ" ስል ስምንት ሰዓት ቆጥረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይሰጡታል ብዬ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ሰዓቱ ስምንት ሲል፣ ማለትም ምሳ እንደተበላ ነው። በአማርኛ ሁለቱም የሚነገሩት በአንድ አፍ ነው። ልጁ ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ የቀሩትን ዙሮች ሰዓት አስተካክለንለት ጨረሰ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ "ከ8 ሰዓት በኋላ" ማለት ትቼ ሰዓቱን ራሱን በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ።

ከዚህ በታች ያለው በዚያች መስኮት በኩል በጥድፊያ የምንናገረው፣ ወረፋ ሲረዝም ደግሞ ሳንናገረው የሚቀረው ነው። አብዛኛው ስለ ወባ ክኒን ነው፤ ወደ መጨረሻው ስለ አሜባና ጃርዲያ መድኃኒትም ጥቂት አለበት። የሦስቱም በሽታዎች መነሻ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው፤ ባክቴሪያ አይደሉም። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ወባን የማይነካውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱን የሚያዘው የመረመረዎት ባለሙያ ነው፤ የእኔ ሥራ የታዘዘልዎትን በትክክል እንዲጨርሱ ማገዝ ነው።

መጀመሪያ ደም ይስጡ

ቆላ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው። ሁለቱም ግምት ሰው ይጎዳል። ተስቦ፣ ግርሻ፣ ደንጌ፣ የሳንባ ምች በመጀመሪያው ቀን ከወባ ጋር ይመሳሰላሉ። ሁመራና መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ ደግሞ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የወባ ክኒን ቢደረደር ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ክኒን ከመግዛትዎ በፊት ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከጣትዎ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰድና ውጤቱ እንደ ፈጣን መመርመሪያው ዓይነት በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ይነበባል። ከጊዜው በፊት "መስመር የለውም" ብሎ መነሣት አይበጅም፤ ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው። ማይክሮስኮፕ ያለበት ቦታ ከሆነ ደሙ መስታወት ላይ ተቀብቶ ይታያል። በመንግሥት ተቋማት የወባ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አሁንም ብዙ ነው።

ውጤቱ ሲነገርዎት "ወባ ነው" በሚለው ብቻ አይርኩ። "ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ?" ብለው ይጠይቁ። የላቦራቶሪ ሰዎች ፒኤፍና ፒቪ ይሏቸዋል። ሁለቱም አገራችን ውስጥ አሉ፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። ፋልሲፓረም በፍጥነት የሚገድለው ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሣው ነው። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ መልሱን ወረቀት ላይ ያስጽፉ።

ፈጣን መመርመሪያው ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ የፋልሲፓረምን ፕሮቲን ስለሚፈልግ፣ ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት "አለ" ሊል ይችላል። ስለዚህ "ዳንኩ ወይ?" ብሎ ለማረጋገጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ያን ፕሮቲን የማይሠሩ የፋልሲፓረም ዝርያዎች በኢትዮጵያና በኤርትራ ተገኝተዋል፤ "የለም" ብሎም ሊሳሳት ይችላል። ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት ተመልሰው በማይክሮስኮፕ ይታዩ።

የት እንደነበሩ ሳይጠየቁም ይናገሩ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሐኪሙ ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል። "ከአሥር ቀን በፊት ጋምቤላ ነበርኩ" የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ትቀይረዋለች። ለበዓል አገር ቤት ደርሶ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተመለሰ ሰውማ ይበልጡን መናገር አለበት፤ እዚያ ያለው ሐኪም ወባ በዓመት አንዴም ላያይ ይችላል። ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ከተረሳ ከወራት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። "እኔ ከተማ ነው የምኖረው" የሚለውም መተማመኛ እያነሰ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ. 2022) ድሬዳዋ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው ከአኖፊለስ ስቴፈንሲ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር።

መስኮቱ ላይ ሳይለቁ

መድኃኒቱን ከመቀበልዎ በፊት እነዚህን ይንገሩን፤ ወረፋው ቢያጉረመርምም ይንገሩን።

ክብደት። የወባ መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነው። ልጅ ከሆነ እዚያው ሚዛን ላይ ይውጣ። "እኩዮቹ ይህን ያህል ወስደዋል" አይሠራም።

እርግዝና፣ ጥርጣሬ ቢሆን እንኳ፣ እንዲሁም ማጥባት። አንዳንዱ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ይሆናል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይሆንም።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት። በተለይ የቲቢ መድኃኒት፤ ውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ኮአርተም የሚባለውን የተለመደ የወባ ክኒን ከደም ውስጥ ቶሎ ያሟጥጠዋል። የኤችአይቪ መድኃኒትና የልብ ምት መድኃኒትም ይነገራል። ሰው እየሰማ መናገር ከከበደዎት "ለብቻ ላናግርህ" ይበሉ፤ እንወጣለን።

ባለፈው አንድ ወር የወባ መድኃኒት ወስደው ከነበረም ይናገሩ።

ከዚያ የተሰጠዎትን ያገላብጡ። ጊዜው ያለፈበት ነው? ፎይሉ ተቀዶ ወይም ታሽቶ ነው? ሙሉ ነው? ለአዋቂ የሚሰጠው የኮአርተም ማሸጊያ 24 ቢጫ ፍሬ አለው። አንድ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ 12 ፍሬ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይዞ መጥቶ አይቻለሁ፤ "ብሬ ለግማሹ ነው የሚበቃ ስላቸው ግማሹን ሸጡልኝ" አለኝ። የሸጠለት ሰው ያዘነለት መስሎት ይሆናል። ግማሽ የወባ መድኃኒት ግን ለሰውየው ፈውስ አይሆንም፤ ለወባው ልምምድ ነው።

ሰዓቱን እንዲህ ይጻፉ

ፋልሲፓረም ከሆነ ቤት የሚወሰደው መድኃኒት በአብዛኛው አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተቀላቀሉበት ክኒን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኮአርተም በሚለው ስሙ ነው። አንዷ ፍሬ 20 ሚ.ግ አርቴሜተርና 120 ሚ.ግ ሉሜፋንትሪን አላት። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ዙር ይወሰዳል። በአንድ ዙር የሚወሰደው ይህን ያህል ነው፦

ከ5 እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ፦ 1 ፍሬ
ከ15 እስከ 25 ያልሞላ፦ 2 ፍሬ
ከ25 እስከ 35 ያልሞላ፦ 3 ፍሬ
35 ኪሎና ከዚያ በላይ፦ 4 ፍሬ

ከ5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን በቤት ግምት አይታከምም።

አሁን ወደዚያች ችግረኛ ሰዓት እንመለስ። የመጀመሪያው ዙር መስኮቱ ላይ፣ ባለሙያው እያየ ቢወሰድ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው። በምሳሌ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የጀመረ ሰው፣ ሁለተኛውን በዚያው ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይወስዳል። ሦስተኛው ረቡዕ ከጠዋቱ 4፣ አራተኛው ረቡዕ ከምሽቱ 4፣ አምስተኛው ሐሙስ ከጠዋቱ 4፣ ስድስተኛው ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ይህን ካርቶኑ ላይ በስድስት መስመር ይጻፉት። በወሰዱ ቁጥር መስመሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ማንበብ ለማይችል የቤተሰብ አባል ፀሐይና ጨረቃ ይሳሉለት፤ አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ታትሞም ይመጣል።

አስቸጋሪው ማታ የጀመረ ሰው ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ከወሰደ ሁለተኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። መነሣት ግድ ነው፤ ደወል ይሙሉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት እዚያ ላይ 3፡00 ነው። አንድ ወጣት 9 ብሎ ሞልቶ ጠዋት ቢሮ ሊገባ ሲል እንደጮኸበት ነግሮኛል።

ዙር ከረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ወዲያው ይውሰዱና ወደ ቀሪው ይቀጥሉ። ያለፈውን ለማካካስ ደርበው እጥፍ አይውሰዱ።

ቅባት ያለው ነገር ይብሉበት

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይሄኛው ነው። ሉሜፋንትሪን ውኃ አይወድም፣ ቅባት ነው የሚወድ። በባዶ ሆድ ከተወሰደ አብዛኛው ሳይመጠጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በቅባታማ ምግብ የወሰዱ ጤናማ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት በባዶ ሆድ ከወሰዱት እስከ 16 እጥፍ ያህል ተመጧል። ሰውየው ሁሉንም ፍሬ ቆጥሮ ውጦ፣ ደሙ ውስጥ የገባው ግን ሩብ የማይሞላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ "መድኃኒቱ አልሠራም" ይባላል።

ወባ የያዘው ሰው ደግሞ ምግብ ማየት አይፈልግም። ድግስ አያስፈልግም፤ ጥቂት ቅባት ይበቃል። አንድ ስኒ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ጣል የተደረገበት አጥሚት ወይም ገንፎ ይሆናል። ለሚጠባ ሕፃን የእናት ጡት ራሱ ቅባት አለው፤ ጡት እያጠቡ ይስጡት። በጥቁር ሻይና በደረቅ ዳቦ መውሰድ ግን በባዶ ሆድ ከመውሰድ ብዙም አይሻልም።

ጾም ሲገባ ይህ ምክር ይፈተናል። የታመመ ሰው ከጾም ነፃ መሆኑን ብዙ የንስሐ አባቶች ራሳቸው ይነግሩዎታል፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ማፍጠር ተፈቅዷል። ቢሆንም እንቢ የሚሉ አዛውንት አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። አንድ ዓቢይ ጾም ላይ አንድ ጋሼ "ወተት አልነካም፣ እስከ 9 ሰዓትም አልቀምስም" አሉኝ። ሰዓቱን ለመድኃኒቱ ሲሉ እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው፤ በምግቡ በኩል እኔ ለቀቅኩ። የጾም ቅባት ሞልቷል፦ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ አቮካዶ፣ ለውዝ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ልቁጥ፣ የተልባ ፍትፍት። ጋሼ በተልባ ነው የጨረሱት።

ቢያስታውክስ?

ከወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ያንኑ ዙር ሙሉውን ይድገሙ። የተደገመውም ከተመለሰ ቤት አይቀመጡ፤ ያ ሰው መርፌ ያስፈልገው ይሆናል። የደገሙት ከማሸጊያው ላይ ተነሥቶ ስለሆነ የጎደለውን ለመሙላት ተመልሰው ይምጡ። መጨረሻ ላይ "አንድ ዙር አነሰኝ" ብሎ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው።

ለልጆች በውኃ የሚሟሟ ክኒን አለ። ለአንዷ ፍሬ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ውኃ በስኒ አድርገው ያሟሟት፣ ያጠጡት፣ ከዚያ ጥቂት ውኃ ጨምረው ስኒውን አለቅልቀው እሱንም ያጠጡት። ከመድኃኒቱ ጥቂቱ ስኒው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ማለቅለቁን አይዝለሉ። ተራው ክኒን ከሆነ ያለዎት ፈጭተው በተመሳሳይ መንገድ ይስጡት። ትኩሳቱ ካስቸገረ በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞልና ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይረዳሉ። ብርድ ልብስ መደራረብ ይቅር።

በሁለተኛው ቀን ሲሻልዎት

በሁለተኛው ቀን ሰው ላቡ ይደርቃል፣ ቡና ያምረዋል፣ ክኒኑን ወደ መሳቢያ ያስገባል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት መድኃኒት ነው ያለው አልኩ። አርቴሜተር አጫጁ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ተሕዋስ ይጥላል፣ ግን ራሱም በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሉሜፋንትሪን ቃርሚያ ለቃሚው ነው፤ ዝግ ይላል፣ ለቀናት ደም ውስጥ ይቆያል፣ ከአጨዳው የተረፈውን እየለቀመ ይጨርሳል። በሁለተኛው ቀን የሚሰማዎት ደህንነት የአጫጁ ሥራ ነው። ቃርሚያው ገና መሬት ላይ ነው።

ቃርሚያው ሳይለቀም ሲቀር የሚበቅለውን በዕድሜያችን አይተናል። በነገራችን ላይ "ክኒን" የምንለው ቃል ራሱ ከኪኒን፣ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ከሚወጣው የድሮ የወባ መድኃኒት የመጣ ነው። ከእሱ በኋላ ክሎሮኪን መጣ፣ ፋልሲፓረም ለመደው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢትዮጵያ ወደ ፋንሲዳር ዞረች፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተለመደ። በ2004 ኮአርተም ተተካ። አርቴሜተር የተገኘበትን የአርቲሚሲኒን ቤተሰብ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከአንድ ዓይነት አሪቲ መሰል ቅጠል ለይታ ያወጣችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። አሁን ደግሞ ለአርቲሚሲኒን በከፊል የሚቋቋም ፋልሲፓረም በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኤርትራ ታይቷል። ቀጥሎ የሚተካ መድኃኒት መደርደሪያዬ ላይ ተደርድሮ አላይም።

ፕሪማኪን፦ አንዷ ፍሬና አሥራ አራቱ ፍሬ

ብዙዎች ግራ የሚጋቡበት መድኃኒት ነው፤ በሁለት መልክ ስለሚሰጥ።

ፋልሲፓረም ለያዘው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። መጠኑ በኪሎ 0.25 ሚ.ግ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 15 ሚ.ግ። እርስዎን ለማዳን አይደለም። ትንኟ ከእርስዎ ደም ወስዳ ለጎረቤት እንዳታስተላልፍ ነው።

ቫይቫክስ ለያዘው ሰው በመጀመሪያ ክሎሮኪን ለሦስት ቀን ይሰጣል። አዋቂ 150 ሚ.ግ የሚይዘውን ፍሬ በመጀመሪያው ቀን 4፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2 ይወስዳል። ሰውነት ሊያሳክክ ይችላል፤ የሚያስቸግር ቢሆንም ያልፋል። ክሎሮኪን ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅ ይገድላል። ክሎሮኪን የደሙን ወባ ያጸዳል፣ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን አይነካም። "ወባዬ ተነሣችብኝ" የሚባለው ያ የተኛው ሲነቃ ነው። እሱን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፣ በቀን አንዴ ለ14 ቀን።

14 ቀን ረጅም ነው፣ በተለይ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ምንም ለማያመው ሰው። የእኔ ዘዴ ይሄ ነው፦ ከእራት ጋር ያያይዙት፣ ሆድም አያቃጥልም። ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በየማታው ይሠርዙ። ሰኞ ከጀመሩ የሚጨርሱት በሁለተኛው እሑድ ነው።

አሁን ጥንቃቄው። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለብዙ ቀን ፕሪማኪን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሱ ይሰባበራል። ምርመራው ባለበት ቦታ አስቀድመው ይመርመሩ። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደው ሽንትዎ ጠቁሮ ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ነፍሰ ጡር፣ ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን፣ እንዲህ ያለ ሕፃን የምታጠባ እናትም አይወስዱትም፤ ለእነሱ ሌላ መላ አለ። እየወሰዱ ሳለ ሽንትዎ እንደ ኮካ ወይም እንደ ጥቁር ቡና ከጠቆረ፣ ዓይንዎ ቢጫ ካለ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ካጠረዎት ያቁሙና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስለ ፍላጂልና ቲኒዳዞል ጥቂት

"አሜባ አለብኝ" የሚለው ሰው ቁጥር ከአሜባው ቁጥር ይበልጣል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሆድ በነፋ ቁጥር ፍላጂል ይገዛል። ሰገራ ሳይመረመር ባይጀመር ይሻላል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካለ ግን በዚያው ቀን መታየት ነው።

ጃርዲያ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቲኒዳዞል ነው፣ ለአዋቂ 2 ግራም በአንድ ጊዜ፣ ማለትም 500 ሚ.ግ የሆነችው ፍሬ አራት። ከምግብ ጋር ይዋጣል። አንጀትን ያቆሰለ አሜባ ላይ ግን ፍላጂል፣ በሌላ ስሙ ሜትሮኒዳዞል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለበርካታ ቀናት ይወሰዳል። የቀኑን ቁጥር ያዘዘዎት ሰው ይወስናል፤ እርስዎ አያሳጥሩትም። ሜትሮኒዳዞል አንጀት ግድግዳ ውስጥ የገባውን ይገድላል እንጂ እንደ እንቁላል ተሸፍኖ አንጀት ውስጥ የሚቆየውን በደንብ አይጠርግም፤ ለዚህ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ሊያስከትል ይችላል።

አፍዎ ሳንቲም ሳንቲም ይላል፣ ሽንትም ጠቆር ሊል ይችላል። ይሄኛው መጥቆር እንደ ፕሪማኪኑ የሚያስፈራ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ግን ለይቼ አውቃለሁ ሳይል ይታይ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ መድኃኒቱ ካለቀ ከ3 ቀን በኋላ። "አንዲት ብርሌ" ያለ ሙሽራ ሚዜ ሲያስታውክ ያደረበትን ሠርግ አውቃለሁ። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩን።

ክኒን የሚቆምበት ቦታ

ከእነዚህ አንዱን ካዩ ቀጣዩን ዙር አይጠብቁ፤ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂዱ። ማንቀጥቀጥ፤ ራስን መሳት፤ ማቃዠት፤ መቆም ወይም መቀመጥ አለመቻል፤ የጠጡት ሁሉ መመለስ፤ ትንፋሽ መቆራረጥ፤ የዓይን መቢጨት፤ የመዳፍና የከንፈር መንጣት፤ የሽንት መጥቆር ወይም መጥፋት፤ ሕፃን ከሆነ ጡት አልይዝ ማለት። መኪና እስኪገኝ ድረስ የሚጠበቅ ሰው ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ይደውሉ።

እዚያ የሚሰጠው አርቴሱኔት የሚባል መርፌ ነው፦ እንደደረሰ፣ ከ12 ሰዓታት ቆይታ በኋላ፣ ከ24 ሰዓታት ቆይታ በኋላ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በቀን አንዴ። ቢያንስ ሦስቱን መርፌ ከወሰደ በኋላ መዋጥ ሲችል መርፌው ይቆምና የሦስት ቀኑ ክኒን ከመጀመሪያው ይጀመራል። ብዙ ቤተሰብ "መርፌ ተወግቷል፣ አበቃ" ብሎ ክኒኑን ሳይወስድ ይወጣል። መርፌውም አጫጅ ነው፤ ቃርሚያው ይቀራል።

ትኩሳቱ ከተመለሰ

ሙሉ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካለቀቀዎት፣ ወይም በ28 ቀን ውስጥ ከተመለሰብዎት፣ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አይበደሩ። ተመልሰው ይምጡ። ሲመጡ የመጀመሪያውን ምርመራ ወረቀትና ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ይምጡ። ፈጣን መመርመሪያው ከድሮው ወባ የተነሣ ሊያሳስት ስለሚችል ደምዎ በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው።

ካርቶኑን አይጣሉት። ስድስቱም ሰዓት ተጽፎበት፣ ስድስቱም ምልክት ተደርጎበት ካየሁት "በትክክል ወስደዋል?" ብዬ ጊዜዎን አላጠፋም፤ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ነው የምልክዎት።